ቦምባይ በሐምሌ

በዚያን ቀን ጠዋት በራኺ እንደ ወትሮው ከእኔ ቀድሞ ተነሣ። ፊቱን ታጥቦ፣ ካፖርቱን በፒጃማው ላይ ደርቦ ወደ ጓሮ ወጣ። ከሎሚው ዛፍ ራቅ ብሎ በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆመ የዝናብ መለኪያ ነበረን። መሥሪያ ቤቱ አርጅቷል ብሎ የጣለውን እሱ አምጥቶ፣ ነጭ ቀለም ቀብቶ የተከለው ነው። ባለቤቴ የአስመራን የውኃ ማጠራቀሚያዎች የሚከታተል መሐንዲስ ነበር። በየካቲት ዝናብ እንደማይጠበቅ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ቢሆንም በየማለዳው ከውስጥ ያለውን የመስታወት ቱቦ አውጥቶ፣ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ያያል። ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ዞሮ፣

«ባዶ!» ይለኛል።

«ነገ ይሞላል» እለዋለሁ።

ከተጋባን ጀምሮ ይህን ስንባባል ኖረናል።

ዳቦ ቆርጬ ሻሂ ቀዳሁ። በዚያ ሰዓት ሰፈራችን ቪላጆ ጀኒዮ ውስጥ የሚሰማው የጎረቤት ሬዲዮና ከፌርማታው የሚነሣው አውቶቡስ ብቻ ነው። በራኺ ገብቶ ተቀመጠ። ከዳቦው ግማሹን በላ፣ ግማሹን ወደ እኔ ሳህን አሻገረው። ያን ሰሞን እንዲህ ያደርግ ነበር።

«ርግበ» አለኝ፣ «ዘንድሮ የዓመት ፈቃዴን ለማንም አልለቅም። እንሄዳለን።»

«ወዴት?»

«ወደ እስያ።»

«እስያ ትልቅ ናት።»

«ለዚህ አይደል የጂኦግራፊ መምህር ያገባሁት! አንድ ከተማ እንመርጣለን። አንድ ብቻ። ሰው ሁሉ ከአስመራ ከወጣ ወይ ሮማ ነው ወይ አዲስ አበባ። ባሕሩ እኮ ወደ ምሥራቅም ይወስዳል፤ ማንም ሲዞር አላየሁም።»

«መቼ ነው የምንሄደው?» አልኩት።

«ሐምሌ ነዋ። እናንተ ትምህርት ቤት ስትዘጉ።»

«ጥሩ» አልኩ። ሳህኖቹን አነሣሁና ወደ ማጠቢያው ሄድኩ፤ ጀርባዬን ሰጥቼው ለረጅም ጊዜ አጠብኩ።

በዚያው ሳምንት መጀመሪያ ታላቅ ወንድሙ ወልደኣብ ወደ እህል መደብሩ አስጠርቶኝ ነበር። ጣሊያናዊው ሐኪም በራኺን መርምሮ ሲያበቃ «ጨጓራ ነው፣ ቅመም ተው» ብሎ ሸኝቶት፣ እውነቱን ግን ለወልደኣብ ነግሮታል። ደንቡ እንዲህ ነው። ክፉ ነገር ለታላቅ ይነገራል፤ ለበሽተኛው አይነገርም። ሐኪሙም አስመራ ውስጥ ብዙ ስለኖረ ደንቡን ያውቃል። ወልደኣብ በጤፍ ጆንያዎቹ መካከል ቆሞ ነገረኝ። በሽታው የጉበት ነው። መድኃኒት የለውም። ክረምትን አያይም።

«ላንቺ የነገርኩሽ ሚስቱ ስለሆንሽ ነው» አለኝ። «ከአፍሽ ከወጣ ግን የገደልሽው አንቺ ነሽ።»

እንግዲህ እኔ ሐምሌ የሌለበትን ዓመት ይዤ ቤት ገብቻለሁ፤ ባሌ ደግሞ ለሐምሌ ከተማ ምረጪ ይለኛል።

እንዲሄድ ፈለግሁ። ይህን በግልጽ ልጻፈው። በእግሩ መቆም ሲችል፣ ራሱ ሻንጣውን ይዞ፣ አንድ የሚፈልገውን ከተማ እንዲያይ ፈለግሁ። ለዚህ ደግሞ ጊዜው ሐምሌ ሳይሆን ሚያዝያ ነበር። ግን ለምን እንቸኩላለን ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልስለት ነገር ያስፈልገኝ ነበር።

ማታ ማታ ከእራት በፊት አትላሱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን እንመርጥ ጀመር። በራኺ በጣቱ ይዞራል።

«ቶኪዮ።»

«ሩቅ ነው። ፈቃድህ አውሮፕላን ላይ ያልቃል።»

«ሆንግ ኮንግ።»

«በሐምሌ ማዕበል አለ።»

«ቤይሩት።»

«ቤይሩትማ ሮማ ናት፤ ያንኑ ቡና ነው የሚያጠጡህ።»

«እሺ ካራቺ።»

«ቦምባይ አይሻልም?» አልኩት።

ቦምባይን የመረጥኩት አስቤበት ነው። በሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ አስተማሪው ሕንዳዊ ነበር፤ ስለ አገሩ ሲያወራ ክፍለ ጊዜው ያልቅ እንደነበር በራኺ ደጋግሞ ነግሮኛል። ሁለተኛው ምክንያት ግን የእኔ ነው። የሕንድ ውቅያኖስ ዝናብ በሰኔ መጀመሪያ ገደማ ቦምባይ ይደርሳል፤ በየዓመቱ ለዘጠነኛ ክፍል የማስተምረው ነው። በሐምሌ ቦምባይ መሄድ ሞኝነት ነው፣ ከዝናቡ በፊት መሄድ አለብን፣ ስለዚህ በፋሲካ ዕረፍት። ማንም የማይጠረጥረው፣ ከመጽሐፍ የወጣ ምክንያት ነበር።

«ቦምባይ!» አለ በራኺ፤ ጣቱን ከተማው ላይ አሳረፈ። «አይ አንቺ! ይህን ሁሉ ያዞርሽኝ ለዚህ ነው?»

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ፌርማታው አጠገብ ወዳለው ሻሂ ቤት ገባሁ። ባለቤቱ ከማሉዲን የወሎ ሰው ነው። በወጣትነቱ ከምጽዋ በሚነሣ መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ነበር፤ ቦምባይን በደንብ ያውቃታል። በራኺ የእሱን ወሬ ይወድ ነበር፤ እኔ የምለውን ባይቀበል የእሱን ይቀበላል ብዬ ነው።

«ከማሉዲን፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነው» አልኩት። «ቦምባይ በሐምሌ እንዴት ናት?»

«በሐምሌ? አላህ ይጠብቅ! በሐምሌ ቦምባይ ከተማ አይደለችም፣ ጀልባ ናት።»

«ለባለቤቴም ልክ እንደዚህ አድርገው ይንገሩልኝ። እሱ ሐምሌ ይላል፣ እኔ ሚያዝያ።»

ብርጭቆውን እየወለወለ ሳቀ። «ገባኝ፣ እትዬ ርግበ። ሚስት ሚያዝያ ካለች ሚያዝያ ነው። የኔዋ ዓሊማ ማክሰኞን ጁምዓ ነው ብትለኝ ሱቄን ዘግቼ መስጊድ እሄዳለሁ። እርስዎ ብቻ ያምጡልኝ፤ ሐምሌን አስጠላዋለሁ።»

ቅዳሜ ከሰዓት በራኺን ይዤው ሄድኩ። መንገዱ አጭር ነው፤ ግን መሃል ላይ የጫማዬ ማሰሪያ ተፈታ ብዬ ቆምኩ፣ ትንፋሹን እንዲሰበስብ። ከማሉዲን ሻሂውን አስቀምጦ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣለና ጀመረ።

«ኢንጂነር፣ ቦምባይ ሊሄዱ ነው አሉ። ግን አደራዎን፣ በሐምሌ እንዳይሞክሩት!»

«ለምን?»

«ዝናቡ! የዚህ አገር ዝናብ መሰለዎት? የእኛ ደመና እኮ እንደ ሹም ነው፤ መጥቶ፣ ታይቶ፣ ይሄዳል። እዚያ አንዴ ከጀመረ ሌሊት የለ ቀን የለ። ሰዉ ጫማውን በእጁ ይዞ ነው ሥራ የሚገባው። ባቡር ይቆማል። ፖሊሱ ውኃው እስከ ወገቡ ደርሶ ማኪና ሲያሳልፍ በዓይኔ፣ ወላሂ በዓይኔ አይቻለሁ!»

«እስከ ወገቡ?» አለ በራኺ።

«እስከ ቀበቶው!»

«ስንት ቀን?»

ከማሉዲን ያሸነፈ መሰለው። «ቀን? ሳምንት ይበሉ እንጂ! ገበያው የቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ ዝናቡ ሲወርድበት ሻጭና ገዢ በጣት ነው የሚነጋገሩት። አልጋዎ ይረጥባል፣ ክብሪትዎ አይጭርም፣ ከረጢት ውስጥ ያለ ጨው ውኃ ይሆናል…»

በራኺ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ከገና ወዲህ ዓይኑ እንደዚያ ሲበራ አላየሁም።

«ርግበ፣ ሰማሽ? ሳምንት! አስተማሪዬ ሲነግረን እኮ አላመንነውም ነበር፤ ‹አጋኖ ነው› እያልን እንስቅበት ነበር።» ወደ ከማሉዲን ዞረ። «እኔ ዕድሜ ልኬን ውኃ በባልዲ የማካፍል ሰው ነኝ። ሰኞ ለማይ ተመናይ ሰፈር፣ ሐሙስ ለእነ እገሌ። ከታኅሣሡ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ ደግሞ የራሴን ግድብ ለማየት ከወታደር ፈቃድ እለምናለሁ። አንድ ቀን እንኳ ውኃ ከሰው የተረፈበት አገር ልቁም። በሐምሌ ነው የምንሄደው!»

ከማሉዲን ወደ እኔ አየ። ፎጣውን ከትከሻው አወረደ።

«በሚያዝያ ግን…» አለ ቀስ ብሎ፣ «በሚያዝያ ማንጎ አለ፣ ኢንጂነር። ልዩ ማንጎ።»

«ማንጎማ ከረንም አለ» አለው በራኺ።

ወደ ቤት ስንመለስ እጄን ይዞኝ ነበር። እኔ ገና አልተውኩም። በፋሲካ የሁለት ሳምንት ዕረፍት እንዳለኝ፣ ሙቀቱ እንደሚቻል፣ ከተማውን በደረቅ ጫማ ማየት እንደሚሻል ነገርኩት። ሰምቶ ሰምቶ ቆመ።

«ለምን ቸኮልሽ?» አለኝ።

የሚጠረጥር ሰው ድምፅ አልነበረም። እንዲሁ ጠየቀ። የምመልሰው ነገር አልነበረኝም፤ ማለት፣ ነበረኝ።

«አልቸኮልኩም» አልኩት። «እንደወደድክ።»

ወሬው በዘመዱ መካከል እየተዳረሰ መሆኑን የተረዳሁት በጠያቂው ብዛት ነው። ታሟል ብሎ መጠየቅ ስለማይቻል እያንዳንዱ ምክንያት ፈልጎ ይመጣል። አንዱ የቧንቧ ምክር ሊጠይቅ፣ አንዱ የጠፋ በግ ሊያፈላልግ። የአባቱ እህት ኣሞይ ኣረጋሽ ከትውልድ መንደራቸው ከዓዲ ኣበይቶ አንድ ዘንቢል ሽንኩርት ይዘው መጡ፤ በሩ ላይ እንዳዩት ዕንባቸው ፈሰሰ።

«ምነው፣ ኣሞይ?» አላቸው።

«ሽንኩርቱ ነው፣ ልጄ። አውቶቡሱ ውስጥ ታቅፌው መጣሁ።»

«ሳይላጥ እንዲህ ካስለቀሰ ሲላጥ ሰፈሩን ያስለቅቀናል!» አለና ሳቀ። እሳቸውም እየሳቁ በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፈኑ። ጥቂት ቆይተው እስኪሄዱ ድረስ አልገለጡትም።

በመጋቢት አጋማሽ ወደ ወልደኣብ መደብር ሄድኩ። ሁለት ነገር ልጠይቀው ነበር። የመጀመሪያው እንድነግረው እንዲፈቅድልኝ ነው።

«አይሆንም» አለ።

«ኣያ ወልደኣብ፣ እሱ የተማረ ሰው ነው። ቢያውቅ የራሱን ቀን ራሱ ያውቅበታል።»

«ሓፍተይ፣ የተማረ ሰው ሞትን ይወዳል ያለሽ ማን ነው? አሁን ይበላል፣ ይስቃል፣ ካርታ ዘርግቶ ከተማ ይመርጣል። ስትነግሪው ከዚህ የትኛውን ትተዪለታለሽ?»

ሁለተኛውን ጠየቅሁ። ከአገር ለመውጫው ፈቃድ ዋስ የሚሆነው እሱ ነው፤ በራኺ ደግሞ ታላቁን አይጥስም። «በፋሲካ ሂዱ ይበሉት። እርስዎ ካሉት ይሄዳል። ምክንያት አይጠይቅዎትም።»

ወልደኣብ የሚዛኑን ሰሃን በመዳፉ ጠረገ፤ ንጹሕ ነበር።

«ፋሲካን በሰው አገር?» አለ። «እዚያ እንዳለ ቢብስበትስ? ብቻሽን ምን ታደርጊያለሽ? እዚያ እኮ ሰው ሲሞት ያቃጥላሉ፣ ርግበ። ወንድሜን አመድ አድርገሽ በጣሳ ልታመጪልኝ ነው?»

«ክርስቲያኖችም አሉ፣ የሚቀብሩ…»

«የአባቱ መቃብር ዓዲ ኣበይቶ ነው» አለ። ለአንድ ገዢ ማሽላ ሊመዝን ዞረ። ክፉ ሰው አልነበረም። በዚያ ከተማ ውስጥ በራኺን ከእኔ እኩል የሚወድ ሰው ቢኖር እሱ ነበር። ለዚህ ነው ምንም ላደርገው ያልቻልኩት።

በሚቀጥለው እሑድ ለምሳ ቤታችን መጣ። የጾም ሽሮ በላን። በራኺ ትንሽ በልቶ እጁን ታጠበና የዋስትናውን ወረቀት አምጥቶ ወንድሙ ፊት አኖረ። እንዳይቆጣው ፈርቶ እንደ ልጅ እየተቅለሰለሰ ነበር።

«ኣያ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። እኔና ርግበ ዕረፍት ልንወጣ ነው። ሩቅ ነው፣ አውቃለሁ። ሕንድ አገር። ግን ለጥቂት ጊዜ ነው…»

ወልደኣብ ወረቀቱን አላየውም። «መቼ ነው?» አለ።

«በሐምሌ።»

ወልደኣብ ከኪሱ ብዕሩን አወጣ።

«በሐምሌ ከሆነ እፈርማለሁ» አለ። «አሁኑኑ እፈርማለሁ።»

ፈረመም። ስሙን ሙሉውን፣ ቀስ ብሎ፣ እስከ አያቱ ድረስ ጻፈው። በራኺ ዘሎ ትከሻውን አቀፈው፤ ከትከሻው በላይ ወደ እኔ እያየ፣ «አየሽ! እምቢ ይላል ብዬሽ ነበር! ይሄ ሰውዬ ከመንደር እስከ ገበያ እንጂ ሌላ መንገድ አያውቅም ብዬሽ ነበር!» ይለኛል። ወልደኣብ ሁለት እጁን በጎኑ እንዳንጠለጠለ ቆመ። ከዚያ «ትንባሆዬን ማኪና ውስጥ ረሳሁ» ብሎ ወጣ። ወልደኣብ ትንባሆ አያጨስም። በራኺ ይህን ልብ አላለም፤ ወይም አላለም ብዬ አመንኩ። እኔ ጠረጴዛውን አጸዳሁ።

ከዚያ በኋላ ስለ ሚያዝያ አላነሣሁም። ሚያዝያ መጣና ሄደ። ፋሲካን በቤታችን አከበርን።

ስለ ግንቦት ብዙ አልጽፍም። ከአልጋ መነሣት ሲያቅተው ማለዳ ማለዳ ወደ ጓሮ እኔ እወጣ ጀመር። አልጋውን ወደ መስኮቱ አስጠግቼለት ስለነበር ያየኛል። ቱቦውን አውጥቼ ከፍ አደርጋለሁ፣ «ባዶ!» እለዋለሁ። «ነገ ይሞላል» ይለኛል። ቃላችንን ተለዋወጥን እንጂ ሌላ ነገር ያልተለወጠ ለማስመሰል ሁለታችንም ጣርን።

አንድ ቀን ሌሊቱን ትንሽ ካፊያ ጥሎ አደረ። ቱቦው ሥር ጥቂት ውኃ አገኘሁ።

«ስንት ነው?» አለኝ በመስኮቱ።

«ሦስት ሚሊሜትር።»

«እንዴት አየሽው? ዓይንሽን ዝቅ አድርጊ። ከላይ አይታይም፣ ያታልላል። ውኃው መሃሉ ላይ ዝቅ ይላል፤ የምታነቢው ዝቅ ያለውን ነው።»

ጎንበስ አልኩ። «ሁለት» አልኩ።

«ሁለት» አለ ረክቶ። «ኣጆኺ፣ ተማርሽ።»

ስገባ ጣሪያውን እያየ ነበር። ትራሱን አስተካከልኩለት፤ ክብደቱ የቀለለው ትራሱ ይሁን እሱ አላወቅሁም።

«ርግበ፣ በሚያዝያ ቦምባይ አይዘንብም አይደል?»

«አይዘንብም።»

«እንግዲያው በሚያዝያ ብንሄድ ምን እናይ ነበር?»

ቀና ብዬ አየሁት። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር። አንዳች ነገር ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ወልደኣብ መደብሩ ውስጥ ያለኝ ትዝ አለኝ፤ ዘጋሁት።

«ማንጎ» አልኩ።

ሳቀ። ትንሽ ነው፣ ግን ሳቀ።

በሰኔ መጀመሪያ ዓዲ ኣበይቶ፣ ከአባቱ አጠገብ ቀበርነው። ወልደኣብ የፈለገው ሆነ። ብዙ ሰው ነበረ። ከማሉዲንም ከዓሊማ ጋር መጥቶ ነበር፤ ከሩቅ ቆሞ አየኝ፣ አልቀረበም። ከዚያ በላይ ስለዚያ ሳምንት የምጽፈው የለኝም።

የመውጫ ፈቃዱ በሰኔ መጨረሻ መጣ። በሁለታችንም ስም ነው። ወልደኣብ ራሱ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ ይቀመጡ ብለው እንኳ ሳይቀመጥ ሄደ። አትላሱን መደርደሪያው ላይ መልሼዋለሁ። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፤ የማርመው ፈተና የለም።

ትናንት ሌሊት አስመራ ላይ ከባድ ዝናብ ዘነበ። እስኪነጋ አላባራም። ማለዳ ካፖርቴን ደርቤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። የሎሚው ቅጠል ያንጠባጥብ ነበር። ቱቦውን አውጥቼ ወደ ብርሃን ያዝኩት፣ ዓይኔን ዝቅ አደረግሁ፣ መሃሉ ላይ ዝቅ ያለውን አነበብኩ። ሠላሳ አንድ ሚሊሜትር። ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

መስኮቱ ተከፍቷል። የምነግረው ሰው የለም።